«አድማጭ አይፈልገውም» ለሚልሽ አለቃ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስሜን አይጻፉብኝ። የ26 ዓመት ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የስፖርት ጋዜጠኛ ሆኜ እሠራለሁ። ሰኞ ሰኞ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ዘገባ አዘጋጅቼ እገባለሁ። አለቃዬ ግን ‹ይሄን አድማጭ አይፈልገውም፣ ስፖንሰርም የለውም› እያለ መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ይሰጠኛል። የአርሰናልና የማንችስተር ወሬ ከረዘመ ደግሞ ጭራሽ ይቀራል። ባልደረቦቼ ‹የሴቶች ጉዳይ መጣች› ይሉኛል። አንዱማ ሰው ፊት ‹ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?› ብሎ ጠይቆኛል። አሁን ሁለት ምርጫ ቀርቦልኛል። ወይ የሴቶቹን ትቼ የእንግሊዝ ሊግ ተንታኝ መሆን፣ ወይ ወደ ቤተሰብ ፕሮግራም መዛወር። ወንድሜ ‹ስም የሚገኘው በእንግሊዙ ነው፣ ምን ታስቢያለሽ› ይለኛል። እኔ ራሴ እስከ 8ኛ ክፍል ኳስ እጫወት ነበር። እናቴ ‹በቃሽ፣ አሁን ትልቅ ሴት ነሽ› ብላ አስቆመችኝ። ባለፈው ስታዲየም ስሄድ ተመልካቹ በጣት የሚቆጠር ነበር። ጨዋታውም እውነት ለመናገር ብዙ ደስ አላለኝም። ምናልባት አለቃዬ እውነቱን ይሆን? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ወደ ቤተሰብ ፕሮግራም አትዛወሪ። የእንግሊዙን ሊግ ወንበር ውሰጂ። የሴቶቹን ሊግ ደግሞ አትልቀቂ። ሁለቱን አብረሽ ያዢ፤ እንዴት እንደሚቻል ወደ ታች እነግርሻለሁ።

የቤተሰብ ፕሮግራምን ንቄ አይደለም። ጥሩ ሰው ከያዘው ስንት ቤት ያቀናል። ግን አንቺ አልጠየቅሽውም። ስፖርት የምትወድ፣ ሜዳ ድረስ ሄዳ ዘገባ የምትሠራ ጋዜጠኛ «እዚያ ይሻልሻል» ስትባል እኔን ደስ አይለኝም። ወንድ ባልደረባሽ ሥራው አልሆን ቢለው ወደ ቤተሰብ ፕሮግራም ሂድ የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አለቃሽ እንምጣ። «አድማጭ አይፈልገውም» አለሽ። ይሄን ንግግር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። አስቸጋሪ የሚያደርገው ዛሬን ብቻ ካየሽ እውነት መምሰሉ ነው። ዛሬ ስልክ ከፍታችሁ «ስለ ምን እናውራ?» ብትሉ፣ ስለ ሴቶች ሊግ አውሩልን ብሎ የሚደውል ብዙ ሰው አታገኙ ይሆናል። ግን ሰው የማያውቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ይጠይቃል?

አንድ የመርካቶ ወጣት አስቢ። የአርሰናል ተከላካይ የትኛው ጉልበቱ እንደታመመ ያውቃል። አሰልጣኙ እስከ መቼ እንደፈረመ ያውቃል። በጥር ዝውውር ማን እንደሚመጣ ከጓደኛው ጋር ይወራረዳል። ለንደንን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ታዲያ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣው? ከእናንተ ነዋ። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ስለ አርሰናል ያወራል። ምሳ ሰዓት ላይም ያወራል። ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ያያል። ለዓመታት በየቀኑ ሲነገረው ስሞቹን ለመደ፣ ታሪኩን ለመደ፣ ከዚያ መውደድና መናደድ ጀመረ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ቀድመው ሰጡት፤ ፍላጎቱ በኋላ መጣ።

የራሳችንን የወንዶች ሊግም ተመልከቺ። ዲኤስቲቪ በ2020 በቀጥታ ማስተላለፍ ከጀመረ በኋላ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራልሽ) ስንቱ ሰው ነው የተጫዋቾቹን ስምና ፊት ያወቀው። ኳሱ በአንድ ክረምት ስለተሻሻለ አይደለም። ካሜራ ስለገባ ነው። የሴቶቹ ሊግ በዚያ ውል ውስጥ አልነበረም። አንዱን በካሜራ እያሳየን ሌላውን በሁለት ደቂቃ እያነበብን፣ ከዚያ ሰው የትኛውን እንደወደደ መጠየቅ ትክክለኛ ፈተና አይደለም።

«ሴቶች ሲጫወቱ ሰው አያይም» የሚለውን ደግሞ ታሪክ ራሱ ይክደዋል። አለቃሽ የሚወዳትን እንግሊዝን እንውሰድ። በ1920 ገና በዋለ ማግስት፣ ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ በኤቨርተን ሜዳ በጉዲሰን ፓርክ ሁለት የሴቶች ቡድኖች ተጫወቱ። አንዱ ዲክ ኬር የሚባለው፣ ፕሬስተን ከተማ ባለ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች ቡድን ነበር። ወደ 53 ሺህ ሰው ገባ። ቦታ ያጣው ብዙ ሺህ ሰው ውጭ ቀረ። ይሄ የሆነው ቴሌቪዥን ሳይኖር ነው። ከዚያስ? በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር፣ ኳስ ለሴቶች የሚስማማ ጨዋታ አይደለም ብሎ፣ አባል ክለቦች ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ ከለከለ። ክልከላው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ። ተመልካቹ ሞልቶ ሳለ ሜዳው ተቆለፈባቸው። ሁለት ሦስት ትውልድ ሴት ሲጫወት ሳያይ አደገ፤ ከዚያ «መቼ ሰው ያይላቸዋል» ተባለ።

ሜዳው ሲከፈትና ካሜራው ሲገባ ደግሞ ሰው ተመለሰ። በ2022 ባርሴሎና ላይ፣ ካምፕ ኑ ውስጥ፣ የባርሴሎናንና የቮልፍስቡርግን ሴቶች ለማየት 91,648 ሰው ገብቷል። በ2023 ሲድኒ ላይ ስፔንና እንግሊዝ ለዓለም ዋንጫ ሲጫወቱ ከ75 ሺህ በላይ ሰው ነበር። ዩኔስኮ ከስፖርት ተሳታፊዎች 40 በመቶው ሴቶች ሆነው ሳለ ከመገናኛ ብዙኃን ሽፋን የሚያገኙት 4 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ ሲናገር ቆይቷል። ስለዚህ የአንቺ ሁለት ደቂቃ የአለቃሽ ፀባይ ብቻ አይደለም። በዓለም ሁሉ ያለ ነገር ነው።

አገራችን ስትመጪ ግን ነገሩ ይለያል፤ ለእኔ ትልቁ ማስረጃም እዚህ ነው ያለው። የኢትዮጵያ አድማጭ የሴት ስፖርት አይወድም የሚል ሰው ደራርቱን ረስቷል ማለት ነው። ባርሴሎና፣ 1992። ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትር ላይ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን በመጨረሻው ዙር ጥላ ስትሄድ፣ ከዚያ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ፣ ሴት ናት ብሎ ፊቱን ያዞረ ሰው አላውቅም። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶኑን ስታሸንፍም እንደዚያው። ደራርቱ ልጅ ወልዳ ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ እንደገና ወርቅ ስትወስድ አገሩ በደስታ አልቅሷል።

ጥሩነሽ ዲባባና መሠረት ደፋር የሚፎካከሩበትን ዘመን አንቺም በልጅነትሽ ታስታውሺዋለሽ። ቤት ውስጥ የጥሩነሽ ደጋፊና የመሠረት ደጋፊ ነበረ። ሰው በታክቲክ ይከራከር ነበር፤ «መሠረት እስከ መጨረሻው ከተከተለቻት አለቀ» ይባል ነበር። በ2012 ለንደን ላይ ጥሩነሽ አስር ሺውን አሸነፈች፤ አምስት ሺው ላይ ደግሞ መሠረት ቀደመችና ከደረቷ ሥር የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ እያለቀሰች ፊቷን ሸፈነችበት። እናቶች፣ አባቶች፣ ሊስትሮዎች፣ ሁሉም ስለዚያ ሥዕል ያወራ ነበር። በቅርቡ እንኳን፣ ፓሪስ ላይ በ2024፣ ትዕግሥት አሰፋና ሲፋን ሐሰን የማራቶኑ መጨረሻ ላይ ሲገፋፉ ካፌው ሁሉ ዳኛ አልሆነም? የሴቶች ማራቶን የኦሊምፒክ አትሌቲክስ መዝጊያ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር። ሦስት ሰከንድ ናት የለየቻቸው። እኛ ግን ለሳምንታት ተከራከርን።

ታዲያ አድማጩ አለ። ሴትን በስሟ ያውቃል፣ ስለ እሷ ይሟገታል፣ ያለቅሳል። ኳስ ላይ ሲደርስ ነው የሚጠፋው።

ለምን ብለሽ ጠይቂ። እኔ የማምነው ይሄን ነው፦ ሴቶቻችን እንዲወራላቸው መጀመሪያ ማሸነፍ አለባቸው። ወንዶቹ ግን ተሸንፈውም ይወራላቸዋል። ዋልያዎቹ በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ አገር ምድሩ አደባባይ ወጣ። ከዛምቢያ አቻ ወጡ፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፉ፣ በናይጄሪያም ተሸንፈው ከምድባቸው ተሰናበቱ። ፍቅራችን ቀነሰ? አልቀነሰም፤ መቀነስም አልነበረበትም። ቡድን ማለት እንደዚያ ነው፤ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ይወደዳል።

አሁን ደግሞ ነገ ስቱዲዮ ስትገቢ ባልደረቦችሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ሉሲዎቹ፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ማለቴ ነው፣ ስንት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ተሳተፉ? በ2002፣ በ2004 እና በ2012 ተሳትፈዋል። በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው አራተኛ ሆነው ነው የተመለሱት። ለደረጃ ከጋና ጋር ተጫውተው የተሸነፉት በፍጹም ቅጣት ምት ነው። ስንቱ እንደሚመልስ እዪ። የማይመልስ ካለ በእሱ አትፍረጂ። ማንም አልነገረውም።

ይሄ አለመነገር የቆየ ነገር ነው። በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩጽ ይፍጠር በአምስት ሺና በአስር ሺ ሁለት ወርቅ ማግኘቱን ልጅ አዋቂው ያውቃል፤ ማወቁም ተገቢ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ ግን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶች አሰልፋ ነበር። አምሳለ ወልደገብርኤልና ፋንታዬ ሲራክ በመካከለኛ ርቀት ሮጠዋል። ሜዳሊያ አላገኙምና ስማቸው ተረሳ። የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ራሱ ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በ1988 ነው። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ያሸነፈችው ገና ሁለተኛ ጊዜ ሲካሄድ ነበር። ስምንት ዓመት ቀደም ብላ ተወልዳ ቢሆን፣ የምትሮጠው ሩጫም በፕሮግራሙ ላይ አልነበረም። ስንት ልጅ እንደዚያ አልፎባታል፣ እህቴ? ያውም ሩጫ ላይ፣ እኛ በምንኮራበት።

አሁን ወደ ስታዲየሙ ልመልስሽ። «ጨዋታው ብዙ ደስ አላለኝም» ብለሻል። እውነቱን ስለጻፍሽልኝ አከብርሻለሁ። ደካማ ጨዋታን ደካማ ነው ማለት የጋዜጠኛ ሥራ ነው፤ አድንቀሽ አታልፊው። ነገር ግን ለምን ደከመ የሚለውን አብረሽ ጠይቂ። መልሱን ደግሞ አንቺው ራስሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽልኛል፦ እናትሽ 8ኛ ክፍል ላይ አስቆሙሽ።

ወንዱ ልጅ በዚያ ዕድሜ በቀን ስንት ሰዓት ኳስ ይነካል? ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ጥሎ ይወጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ሜዳ ቢታጣ አስፋልት ላይ በሁለት ድንጋይ ጎል ሠርቶ ይጫወታል። ሴቷ ግን ውኃ መቅዳት አለ፣ እቃ ማጠብ አለ፣ ወጥ መሥራት አለ፣ ታናሽ ወንድም መጠበቅ አለ። ከዚያ የወር አበባ ይመጣል፤ ሞዴስ የለም፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል የለም፣ ቁምጣ ለብሳ ስታልፍ የሚፏጭባት አለ። ቀጥሎ የመንገድ ፍርሃት አለ፣ «ማታ ከየት ነው የመጣሽው» አለ። ክለብ ስትገባ 17 ወይም 18 ዓመት ሞልቷት ይሆናል፤ እኩያዋ ወንድ ግን እስከዚያ ድረስ ኳሱን በሺህ ሰዓት ቀድሟታል። የጎደላትን ሰዓት ሳናይ ሜዳ ላይ የጎደለውን ብቻ ካየን ግማሹን ነው ያየነው።

እናትሽን አትቀየሚያቸው። ትልቅ ሴት ሆነሻል ያሉሽ ከክፋት አይመስለኝም። እሳቸው የሚያውቁት መንገዱን ነው፣ ሰፈሩን ነው፣ ሰው የሚያወራውን ነው። ኳስ ተጫውታ ሰላም የገባች፣ ደሞዝ የምታገኝ፣ የተከበረች ሴት አይተው አያውቁም ይሆናል። በየትኛው ሬዲዮ ይስሟት? ለዚህ ነው ሽፋኑና ተሳትፎው አንድ ነገር ናቸው የምልሽ። እናት ስትሰማ ትፈቅዳለች። ከፈቀደች ልጅ ትጫወታለች፤ ብዙ ልጅ ሲጫወት ኳሱ ያምራል። አለቃሽ ከመጨረሻው መጀመር ይፈልጋል፤ ኳሱ ይመርና እናወራለን ይላል።

እንዲያውም አንድ ሥራ ልስጥሽ። የድምፅ መቅጃሽን ይዘሽ እናትሽ ጋ ቁጭ በይ። ቡና ይፈላ። «እማዬ፣ ያን ጊዜ ለምን አስቆምሽኝ?» ብለሽ ጠይቂያት። አትከራከሪያት፤ ዝም ብለሽ አስወሪያት። የፈራችውን ትንገርሽ። ፈቃዷን ጠይቀሽ ያንን በአየር ላይ አውዪው። ከዚያ ዛሬ ክለብ ውስጥ የምትጫወት የአንዲት ልጅን እናት አምጪና «አንቺስ እንዴት ፈቀድሽ?» በይ። እኔ ብሰማው ሬዲዮኑን አልዘጋም። ብዙ እናቶችም አይዘጉም፤ ከአሁን በፊት የስፖርት ሰዓት ሰምተው የማያውቁት ጭምር።

አሁን ስለ ዘገባሽ ልናገር። ይሄ ክፍል ትንሽ ሊቆጠቁጥሽ ይችላል፤ ታገሺኝ። ሁለት ደቂቃዋ እንዴት እንደምትነበብ እናውቃለን። «በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የዚህ ሳምንት ጨዋታዎች፣ እከሌ ከተማ እከሌ ክፍለ ከተማን 2 ለ 1 አሸንፏል። እከሌና እከሌ ያለ ግብ አቻ ተለያይተዋል።» አለቀ። ጎሉን ማን አገባችው? በስንተኛው ደቂቃ? ከማን ኳስ? አሸናፊው በሰንጠረዡ ስንተኛ ሆነ? ከመሪው በስንት ነጥብ ይርቃል? የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ ነው፣ የት ነው፣ ለመግባት ስንት ይከፈላል? አንዱም የለም። በዚያ መልክ ቢነበብ ማንችስተርም አይሰማም። ስም የሌለው ጎል ማንም ልብ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ስሞቹን ስጪ። አድማጩ የአምስት ተጫዋቾችን ስም ደጋግሞ ይስማ። ኮከብ ግብ አግቢነቱን በየሳምንቱ ተከታተይ፤ ማን ስንት አላት፣ ማን ደረሰችባት። የአሰልጣኝ ለውጥ፣ ጉዳት፣ ዝውውር፣ ደመወዝ ያልተከፈለበት ወር ካለ እሱንም ጨምሪ። የሀዋሳና የንግድ ባንክ ክለቦች ጨዋታ ሲመጣ ከሦስት ቀን በፊት ወሬውን አሙቂው። ማክሰኞ ልምምድ ሄደሽ የኳሱን ድምፅ፣ የአሰልጣኟን ጩኸት ቅጂ። ሬዲዮ ነው፤ ድምፅ ሀብትሽ ነው።

ጥያቄዎችሽንም ተመልከቺ። አንዲት አጥቂ ሦስት ጎል አግብታ ወጥታ «ቤተሰብ እንዴት አየው? ትዳርስ አላሰብሽም?» ስትባል ሰምቻለሁ። ስለ ጎሎቹ አንድም አልተጠየቀችም። አንቺ «ሁለተኛውን ስታገቢ በረኛዋ እንደምትወጣ እንዴት አወቅሽ?» በያት። ያኔ ፊቷ ሲበራ ታያለሽ፣ አድማጭሽም አንድ ነገር ይማራል። የሕይወቷን ጉዳይ ራሷ ካነሳችው ጥሩ፣ ስሚያት።

ታሪክ እንዳታጪ ደግሞ አትፍሪ። ሎዛ አበራን ውሰጂ። ከዱራሜ የተነሳች ልጅ ናት። እዚህ በተደጋጋሚ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች፣ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫወተች፣ በ2024 ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሻግራ ለዲሲ ፓወር ፈረመች። ዋሽንግተን! ያ ሁሉ ሐበሻ ያለበት ከተማ። እዚያ ላለ ዘመድ ስልክ ደውለሽ «ሄዳችሁ አያችኋት?» ማለት ራሱ ፕሮግራም ይወጣዋል። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች የምሥራቅ አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፈው ሞሮኮ ላይ የአፍሪካ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ ውስጥ ገቡ፤ ከአገራችን የመጀመሪያው ክለብ ናቸው። ይሄን የሚያክል ነገር በሁለት ደቂቃ?

ስፖንሰሩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የሽያጭ ክፍሉ ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር በያቸው። በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ የሚካሄደውን «ሴቶች ቀዳሚ» የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አስታውሺያቸው። ከ2004 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ቲሸርት ገዝተው ይሮጣሉ፤ ድርጅቶችም ስማቸው እንዲታይበት ይከፍላሉ። ሴትና ስፖርት አንድ ላይ ሲሆን የሚገዛ የለም የሚለው ወሬ እዚያው አዲስ አበባ ላይ ፈርሷል። ስፖንሰር ስትፈልጉ ደግሞ ሳሙናና የምግብ ዘይት ጋ ብቻ አትሂዱ። ባንክም፣ ቴሌኮምም፣ የስፖርት ጫማ ሻጭም አለ።

«የሴቶች ጉዳይ መጣች» የሚሉሽን ብዙ አትስሚ። ኦፍሳይድ የጠየቀሽን ልጅ ግን አንድ ጊዜ በረጋ መንፈስ መልሺለት። ሊዲያ ታፈሰን ንገሪው። በሙያዋ ፋርማሲስት ናት፣ ፊሽካ ይዛ የወንዶችን ጨዋታ የዳኘች፣ ለ2019 የፈረንሳይ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዷ። ኦፍሳይድ የሚያውቁ ሴቶች አሉን። ከዚያ በኋላ ከደገመው ቀልድ አይደለምና ለአለቃሽ በጽሑፍ አሳውቂ።

የእንግሊዙን ወንበር ለምን ውሰጂ እንዳልኩሽ ልንገርሽ። ወንድምሽ ስለ ስም ያለው ስህተት አይደለም። አድማጭ ድምፅሽን በአርሰናል ከለመደው፣ ስለ ሉሲዎቹ ስታወሪም ያምንሻል። ሌላም በር ይከፍትልሻል። በግንቦት 2025 አርሰናል ሊዝበን ላይ ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የሴቶቹ ቡድን ማለቴ ነው። በ2007ም አሸንፈውት ነበር። የአዲስ አበባ የአርሰናል ደጋፊ ማሊያውን አስቀድሞ ይወደዋል። ከዚያ ማሊያ ጀምሪና ወደ አገር ቤት ይዘሽው ነይ።

ከአለቃሽ ጋር ስትቀመጪ ልመና አታድርጊው። በወረቀት ይዘሽ ግቢ። ሰኞ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሰዓቷ የታወቀች፣ የዝውውር ወሬ ቢመጣም የማትነካ፣ ለአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን። ሁለት ወር አይበቃም፤ ሰው ገና ስሞቹን ሳይለምድ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ከወንድ ባልደረቦችሽ አንዱ በየሳምንቱ አብሮሽ ይተንትን። ይሄን ነጥብ አትልቀቂው። ብቻሽን ከያዝሽው «የእሷ ነገር» ሆኖ ይቀራል፤ አንቺ በታመምሽ ቀን ወይም ሥራ በቀየርሽ ቀን አብሮሽ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ የሚደውለውንና መልእክት የሚልከውን ሰው መዝግቡ፤ በዘመኑ መጨረሻ አብራችሁ እዩት። የተስማማችሁበትን በኢሜይል ላኪለት።

እምቢ ቢልስ? ወንበሩን ለጊዜው ውሰጂው፤ የሴቶቹን ዘገባ ግን በራስሽ ጊዜ መሥራት አታቁሚ። በቴሌግራም ወይም በዩቲዩብ ማውጣት ትችያለሽ፤ ከዚያ በፊት ግን የሥራ ውልሽን አንብቢ፣ በግልሽ እንዳትሠሪ የሚከለክል ነገር እንዳይኖር። ቅጂዎችሽን በሙሉ ቤትሽ አስቀምጪ፣ በቀንና በስም ለይተሽ። ሌላ ጣቢያ ስትጠየቂ ይዘሽ የምትሄጅው እሱን ነው። አሁን ሊጉ ዕረፍት ላይ ካልሆነ ደግሞ በዚህ ሳምንት ተመልሰሽ ስታዲየም ግቢ። ጎል ያገባችውን አጥቂ ወይም አንድ ኳስ እንኳን ያዳነችውን በረኛ ፈልጊና ስልኳን ተቀበይ።